ከገጹ ጀርባ ያሉ እጆች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ድልድይ፣ ስለ መንገድ ወይም ስለ አርማታ እናገራለሁ ብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። እኔ ግን አስቀድሜ ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ፣ ንግግሬን የምጀምረው ከልጆች መጽሐፍ ነው። ኮሚክ ተብሎ ስለሚጠራው፣ ገጹ በሣጥን በሣጥን ተከፍሎ በሥዕልና በጥቂት ቃል ስለሚተረከው መጽሐፍ ማለቴ ነው። ነገሩ በመጨረሻ ወደ ራሳችን የሥራ ጠረጴዛ እንደሚመለስ ቃል እገባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በልጅነቴ አጎቴ ከመርካቶ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየገዛ እነዚህን መጻሕፍት ያመጣልኝ ነበር። ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ መጨረሻቸው የጠፋ ነበሩ። እንግሊዝኛውን በቅጡ ሳላውቅ ሥዕሉን አነብ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የማይረሳኝ የዶናልድ ዳክ ታሪክ ነው፤ ዳክዬዎቹ የሰመጠችን መርከብ በትንንሽ የፒንግ ፖንግ ኳሶች ሞልተው ከባሕር ወለል ያስነሧታል። ስለ አርኪሜዲስ መርህ መምህሬ ከመንገሩ በፊት የነገረኝ ይህ ታሪክ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ታሪኩ የታተመው በ1949 ሲሆን፣ በ1964 ካርል ክሮየር የተባለ ዴንማርካዊ በኩዌት ወደብ የሰመጠች መርከብን በፕላስቲክ አረፋ እንክብሎች ሞልቶ በዚያው መርህ አንሥቷታል።

ያን ታሪክ የጻፈውና የሣለው ካርል ባርክስ ይባላል። ይሁን እንጂ በጊዜው በመጽሐፉ ላይ ስሙ አልነበረም። አንባቢዎች የእጁን ጣዕም ለይተው ስላወቁት፣ ስም ቢያጡለት «ጎበዙ ሠዓሊ» ይሉት ነበር። ፈልገው፣ ጠይቀውና ደብዳቤ ጽፈው ማንነቱን የደረሱበት በ1960 ገደማ ነው። ያን ጊዜ ሥራውን ከጀመረ ወደ ሃያ ዓመት ተጠግቶ ነበር።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ጉዳይ ጥቂት ወራት በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት አሳልፌ ነበር። በአንድ ቅዳሜ በማርፍባት አነስተኛ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የኮሚክ ወዳጆች ጉባኤ እንደሚደረግ የሚገልጽ ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፎ አየሁ። ስለ እንደዚህ ያለ ጉባኤ የሰማ ሰው ወዲያው የሚያስበው በየዓመቱ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን የሳንዲዬጎውን ነው። ነገር ግን እሱም በ1970 ሲጀመር በአንድ ሆቴል ውስጥ 300 ያህል ሰዎች ብቻ ተገኝተውበት ነበር። የቶኪዮው ታላቅ ገበያም በታኅሣሥ 1975 ሲከፈት የተገኙት 32 ቡድኖችና 700 ያህል ጎብኚዎች ነበሩ። እኔ የገባሁበት አዳራሽ ሃያ የማይሞሉ ጠረጴዛዎች ነበሩት። ልጆች ወለሉ ላይ ተቀምጠው ይሥላሉ፤ በአንድ ጥግ ቡና ይቀዳል።

ከጠረጴዛዎቹ ባንዱ በተማሪነቴ ዘመን መጽሐፋቸውን ደጋግሜ ያነበብሁላቸው አንድ አዛውንት ሠዓሊ ተቀምጠው አየሁ። ስማቸውን ሳላስፈቅድ በኅትመት ማውጣት ተገቢ ስላልመሰለኝ አልጠቅሰውም። ተራዬን ጠብቄ ቀረብሁና፣ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ፣ መሐንዲስ መሆኔንና ከሩቅ አገር መምጣቴን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ፈርመው መጽሐፉን ከመለሱልኝ በኋላ፣ «እዚህም አስፈርም እንጂ» ብለው ከጎናቸው የተቀመጡትን አንዲት ሴት ወይዘሮ አመለከቱኝ። በወይዘሮዋ ፊት አንድም ሰው አልቆመም ነበር። ሠዓሊው ቀጠሉና፣ «ያነበብኸው ፊደል ሁሉ የእርሷ እጅ ነው» አሉኝ።

ወይዘሮዋ ከአንድ ትልቅ አቃፊ ውስጥ የመጽሐፉን አንድ ዋና ገጽ አውጥተው አሳዩኝ። ዋናው ገጽ ከታተመው ቁመቱም ወርዱም አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይበልጣል፤ በትልቁ ተሠርቶ በካሜራ ሲያንስ መስመሩ ይጠራል፣ የእጅ መንቀጥቀጥም ይሸሸጋል። በአንደኛው ሣጥን ላይ ግን ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ በላዩ እንደገና ተሥሎ ነበር። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ፈገግ አሉ። ባለታሪኩ በአንዱ ሣጥን የእጅ ሰዓቱን በግራ፣ በሚቀጥለው በቀኝ እጁ አስሮ ነበር አሉ። ፊደሉን ሲጽፉ አይተው ለሠዓሊው ነገሯቸው፤ ተስተካከለ። «ገጹን በመጨረሻ የሚይዘው ሰው እንደ እኔ ያለው ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱን የሚያየውም እሱ ነው» አሉኝ።

መጽሐፌን ገለጥሁ። በመጀመሪያው ገጽ፣ ከሠዓሊው ስም ሥር፣ የወይዘሮዋ ስም በግልጽ ተጽፏል። ከአሥር ዓመት በላይ ያነበብሁት መጽሐፍ ነው፤ ያችን መስመር ግን አንድ ቀን አንብቤያት አላውቅም። ወደ ማረፊያዬ ስመለስ ደስታዬና ኀፍረቴ እኩል ነበሩ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ያች አንዲት መስመር በቀላሉ የተገኘች አይደለችም። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የባለታሪኩን መብት በ1938 በ130 ዶላር ሸጡ፤ ስማቸው ወደ ሥራቸው የተመለሰውና ጡረታ የተቆረጠላቸው የሙያ ባልደረቦቻቸው ተነሥተው ከተሟገቱላቸው በኋላ፣ በ1975 መጨረሻ ነው። ባትማንን በመፍጠር ረገድ ትልቅ ድርሻ የነበረው ቢል ፊንገር በ1974 ሞተ፤ ስሙ ከባልንጀራው ስም ጋር በይፋ መጻፍ የጀመረው በ2015 ነው። እርሱ ይህን አላየም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ሕንፃ ንድፍ ኀላፊ ነበርሁ። ከግድግዳው ወጥተው የተንጠለጠሉ በረንዳዎች ነበሩት። እንደምታውቁት እንዲህ ያለ በረንዳ ሲጫነው የሚሳበው የላይኛው ፊቱ ስለሆነ፣ ዋናው ፌሮ ከላይ መዋል አለበት። እኔ በችኮላ ከሌላ ወለል ላይ የቀዳሁትን ንድፍ ለነዳፊው ሰጠሁት፤ ፌሮው ከታች ነበር። ወጣቱ ነዳፊ ግማሽ ቀን ሲያየው ቆይቶ በትሕትና መጣና፣ «ጋሼ፣ ይህ ፌሮ ወደ ላይ መሆን የለበትም ወይ?» አለኝ። አስተካከልሁት። በሚቀጥለው ሳምንት በተደረገው ስብሰባ፣ ንድፉ በጥንቃቄ ስለ መታረሙ የተመሰገንሁት እኔ ነበርሁ። ወጣቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። እኔም አመስግኜ ተቀመጥሁ፤ ዝም አልሁ።

ያ በረንዳ ዛሬ ሰው ይቆምበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ወጣቱ ባያየው ኖሮ ምን ሊሆን ይችል እንደ ነበር ለዚህ ጉባኤ መዘርዘር አያስፈልገኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ወጣቱ ጥያቄ ይዞ መምጣቱን እየቀነሰ ሄደ። እኔም ይህን ልብ ያልሁት ከሜሪላንድ ከተመለስሁ በኋላ ነው። ስሙ የተነፈገ ሰው ሥራውን ላይተው ይችላል፤ ዐይኑን ግን ይጨፍናል። በእኛ ሙያ ደግሞ የተጨፈነ ዐይን የሕይወት ዋጋ ያስከፍላል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት ሊሆን ባልተገባው ነበር። የብራና መጻሕፍታችንን መጨረሻ የገለጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ምሕረት የሚለመነው ለጻፈው ብቻ ሳይሆን ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመውና ለሰማውም ጭምር ነው። አባቶቻችን አንድ መጽሐፍ የስንት ሰው ሥራ እንደሆነ ያውቁ ነበር። በእኛም ንድፍ ግርጌ ያቀደው፣ የነደፈው፣ ያረመውና ያጸደቀው የሚፈርሙባቸው ሣጥኖች አሉ። ነገር ግን ስንቶቻችን ነን በአራቱም ላይ አንድ ፊርማ የምናኖር? የነዳፊውን ሣጥንስ ባዶ የምንተው?

ወደ ሥራዬ ስመለስ ወጣቱን ጠርቼ፣ የሆነውን ባልደረቦቻችን ባሉበት ተናገርሁ። የዚያም ንድፍ ቅጂ ሲታደስ የእርማቱ ምክንያትና ያረመው ሰው ስም በሣጥኑ ውስጥ እንዲገባ አደረግሁ። ዛሬ ስሙን በፊታችሁ ልጠራው ፈልጌ ነበር፤ እንዳልጠራው የለመነኝ ራሱ ነው። ፈቃዱን አከብራለሁ፤ ስሙ በሚገባው ቦታ፣ በንድፉ ላይ ሰፍሯልና።

ማኅበራችንን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ወደየቢሮአችን ስንገባ፣ በጠረጴዛችን ላይ ያለውን ንድፍ ገልጠን ግርጌውን እናንብብ። የጎደለ ስም ካለ እንሙላው።