ስለ ሕፃናት በደልና ስለ ይርጋ ዘመን
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ

ሕግ የተሠራው ደካማውን ከብርቱ ለማዳን ነው። ከደካሞችም ሁሉ የባሰው ደካማ ሕፃን ስለ ሆነ፥ የአንድ አገር ሕግ መልካምነቱ የሚመዘነው ለሕፃን በሚሰጠው ጥበቃ ነው።

ይርጋ የሚለው ቃል ረጋ ከሚለው የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ነገሩ ጸንቶ ይቀመጥ፥ ከእንግዲህ አይነሣ ማለት ነው። ሰው በመሬትና በገንዘብ እስከ ልጅ ልጅ እንዳይሟገት፥ ምስክርም ሞቶ እውነት እንዳይጠፋ፥ ለክስ ልክ መወሰኑ ደግ ሥርዓት ነው። ነገር ግን በሕፃን ገላ ላይ የተሠራ ነውር እንደ ድንበር ሙግት በዘመን ብዛት አይረጋም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል የአገር ሰው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 13 ዓመት ያልሞላትን ሕፃን የደፈረውን ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣዋል። ዳሩ ግን በዚያው ሕግ በ217ኛው አንቀጽ መሠረት ለእንዲህ ያለው ወንጀል የክሱ ዘመን 20 ዓመት ነው፤ ቁጥሩም የሚጀምረው ወንጀሉ ከተሠራበት ቀን ነው እንጂ ልጅቱ ለአካለ መጠን ከደረሰችበት ቀን አይደለም።

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። በአዲስ አበባ በላንቻ ሰፈር የምታድግ አንዲት ልጅ በ7 ዓመቷ የቤት ዘመድ ቢደፍራት፥ የደረሰባትን ነገር ስሙን እንኳ አታውቀውም። ከፍ ስትል ታውቀዋለች፤ ነገር ግን የምትበላው ከዚያው ሰው እጅ ነው፤ እናቷም እንዳታዝን፥ ጎረቤትም እንዳይጠቋቆምባት ዝም ትላለች። ራሷን ችላ፥ ትዳር ይዛ ለመናገር ስትደፍር ዕድሜዋ 30 ሆኗል። የዳኛው ደጅ ግን በ27 ዓመቷ ተዘግቷል። አቅም ያልነበራት ዘመን ሁሉ በእርሷ ላይ ተቆጠረ፤ ለበደለኛውም መሸሸጊያ ሆነው።

ዝምታው ረጅም እንደ ሆነ በወሎ የጃሪ ታሪክ ያስረዳል። በረኃቡ ዘመን ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች መጠጊያ እንዲሆን በተሠራው መንደር፥ ኃላፊ የነበረው የውጭ አገር ሰው ልጆችን አስነውሮ ተገኘ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የ9 ዓመት እስራት እስኪፈረድበት ድረስ ግን ዓመታት አለፉ። ጠባቂ የተባለው ሰው ራሱ በደለኛ ሲሆን ልጅ ለማን ይጮኻል?

ሌሎች አገሮች ይህን አይተው ሕጋቸውን አሻሽለዋል። በጀርመን የይርጋው ቁጥር ተበዳዩ 30 ዓመት እስኪሞላው ድረስ አይጀምርም። በደቡብ አፍሪካ በሕፃንነታችን ተነወርን ያሉ 8 ሰዎች ባቀረቡት አቤቱታ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት የ20 ዓመቱን ገደብ ከሕገ መንግሥት ጋር አይስማማም ብሎ ሽሮታል። የኢትዮጵያም ሕገ መንግሥት በ28ኛው አንቀጽ በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ እንዳይታገዱ ደንግጓል። ስለዚህ በይርጋ የማይታለፍ በደል መኖሩ ለአገራችን ሕግ እንግዳ አሳብ አይደለም።

ዘመኑ ቢራዘም ንጹሕ ሰው ይጎዳል የሚል ይኖራል። ፍርሃቱ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ደጅ መከፈቱ ፍርድ መሰጠቱ አይደለም፤ ዐቃቤ ሕጉ ያለ በቂ ማስረጃ ማንንም ሊያስቀጣ አይችልም። ቢያንስ ቁጥሩ ከ18 ዓመት ዕድሜ ቢጀምር፥ ያች የላንቻ ልጅ እስከ 38 ዓመቷ ድረስ አቤት የምትልበት ጊዜ ታገኝ ነበር።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ግን የመምህሩና የሽማግሌው ሥራ ብዙ ነው። መምህር ሆይ፥ ደስተኛ የነበረ ልጅ በድንገት ሲፈራና ሲሸሽ ባየህ ጊዜ በትዕግሥት ጠይቀው፤ የነገረህንም አትንቀፍበት። ሽማግሌ ሆይ፥ እንዲህ ያለውን ነገር በካሣና በዕርቅ ሸፍነህ አታስቀር፤ ዕርቁ ሲጎተት የሐኪም ማስረጃ ይጠፋል። ከላንቻ በማይርቀው በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናን፥ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን ባንድ ስፍራ ያገናኘ አገልግሎት አለ። ይህ በሌለበት ስፍራ ልጁን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ ማድረስ ይገባል። ዛሬ የሚሰማ ጆሮ ያገኘ ሕፃን ከ20 ዓመት በኋላ የተዘጋ ደጅ አያንኳኳም።