ከአውድማ እስከ ምጣድ፦ ስንዴ ለማይስማማው ሰው የሚሆን እንጀራና ዳቦ

(በመርሳ ለሀብሩ ወረዳ ገበሬዎችና የቤት እመቤቶች የተደረገ ንግግር)



ከዚህ በፊት በዚህ ስፍራ ስንገናኝ የምንነጋገረው ስለ ዘር፣ ስለ አረምና ስለ ተባይ ነበር። ዛሬ ግን የምነግራችሁ ስለ ዳቦ ነው። «የእርሻ ሠራተኛ ስለ ዳቦ ምን አገባው?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ንግግሬን እስከ መጨረሻው ብትሰሙልኝ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከምጣድ ሳይሆን ከአውድማ መሆኑን ትረዱልኛላችሁ።

ታላቅ እኅቴ እዚሁ መርሳ ትኖራለች። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ አለቻት። ይህች ልጅ ምግብ ከጀመረች ወዲህ ሆዷ እየተነፋ፣ ተቅማጥ እየተመላለሰባት፣ እኩዮቿ ሲያድጉ እርሷ ባለችበት ቀረች። ትል ነው ተብሎ የትል መድኃኒት ጠጣች፤ ቡዳ ነው ያለም አልጠፋም። እኅቴ አንድ ቀን «ወንድሜ፣ አንተ ሰዉን እህል ማምረት ታስተምራለህ፤ የእኔን ልጅ ግን የገደላት እህል ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ቃሏን የመከራ ንግግር አድርጌ ወሰድሁት። ኋላ ግን እውነትዋን ሆኖ ተገኘ። ልጅቱ ከሆስፒታል ደርሳ፣ ደሟ ተመርምሮ፣ ከቀጭን አንጀቷም ቅንጣት ተወስዶ በታየ ጊዜ ሴሊያክ የሚባል በሽታ እንዳለባት ታወቀ። ሐኪሙም «የዚህ በሽታ መድኃኒቱ ምግብ ነው። ስንዴና ገብስ በዕድሜ ልኳ እንዳትቀምስ» ብሎ አሰናበታት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። የስንዴ ሊጥ ሲታሽ እንደ ሙጫ የሚለጠጠው በእርሱ ምክንያት ነው። ለአብዛኛው ሰው ግሉተን ምንም ጉዳት የለውም። ሴሊያክ ባለበት ሰው ግን፣ በሽታን እንዲከላከል የተሰጠው የሰውነት ኃይል በግሉተን ምክንያት የገዛ አንጀቱን ያቆስላል። የቆሰለ አንጀት ደግሞ የበላውን ምግብ መጦ ወደ ደም ማሳለፍ አይችልም። ስለዚህ ልጁ ጠግቦ እየበላ ይከሳል፤ ደሙም ያንሳል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ነገር ግን በቤተ ዘመድ መካከል ይደጋገማል።

የበሽታውን ምክንያት ለይቶ ያስረዳው ዊለም ካሬል ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት፣ በሆላንድ ብርቱ ረኃብ ሆኖ የስንዴ ዳቦ ጠፋ። ሌላው ሰው ሁሉ ሲጎሳቆል ይህ በሽታ የነበረባቸው ሕፃናት ግን ተሻላቸው። ዳቦ በተመለሰ ጊዜ በሽታቸውም ተመለሰ። ዲከ ከዚያ በፊትም ስንዴን ይጠረጥር ነበርና ነገሩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1950 በጽሑፍ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የሆላንድ ሊቃውንት የእኛን ጤፍ መርምረው ይህን በሽታ የሚያስነሣ ግሉተን እንደሌለበት በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ይህን ሰምታችሁ ጤነኛ የሆነው ቤተሰባችሁ ስንዴና ገብስ እንዲተው አታድርጉ። ለጤነኛ ሰው መልካም ምግብ ናቸው። ሁለተኛ፣ ልጃችሁን ከጠረጠራችሁ ምርመራው ሳይደረግ ስንዴውን አትከልክሉት። አስቀድሞ ከተከለከለ አንጀቱ ማገገም ስለሚጀምር ምርመራው በሽታውን ላያሳይ ይችላል። በቅድሚያ ሐኪም፣ ቀጥሎ ምጣድ ይሁን።

እንግዲህ እኅቴ የሐኪሙን ቃል ሰምታ ስትመለስ ደስ ብሏት ነበር። «ሌላው አገር ያለ ስንዴ ምን ይበላ ይሆን? እኛ ጤፍ አለን፣ ማሽላ አለን» አለች። እውነትዋን ነው። ጤፍ፣ ማሽላና ዘንጋዳ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ተልባና ድንች ሁሉ ግሉተን የለባቸውም። ከወልዲያ እስከ ውርጌሳ ያለው ቆላና ወይና ደጋ የጤፍና የማሽላ አገር ነው። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም በዚሁ በወረዳችን ሆኖ ለእነዚሁ እህሎች ይደክማል። መከልከል የሚገባው ስንዴ፣ ገብስና ከስንዴ የተዳቀለው ትሪቲካሌ ነው። አጃም ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ጋር ተደባልቆ ስለሚገኝ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሰጥ። በሶና የገብስ ቆሎ፣ በገብስ ወይም በስንዴ ብቅል የተጠመቀ ጠላም እንደዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ ልጅቱ ሦስት ወር ሙሉ የጤፍ እንጀራ ብቻ በልታ አልተሻላትም። ሆዷ እንደ ተነፋ ነበር። እኔም ከእኅቴ ቤት ሄጄ ምግቡ የሚያልፍበትን መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ ተመለከትሁ። አራት ነገር አገኘሁ። አንደኛ፣ ጤፉ የሚፈጨው ስንዴ ከተፈጨ በኋላ ወፍጮው ሳይጠረግ ነበር። ሁለተኛ፣ ጤፍ ባለቀ ጊዜ ከገበያ የሚገዛው የተዘጋጀ ዱቄት ምን እንደ ተደባለቀበት አይታወቅም ነበር። ሦስተኛ፣ እርሾው የመጣው ገብስ ቀላቅላ ከምትጋግር ጎረቤት ነበር። አራተኛ፣ የስንዴ ዳቦ የሚጋገርበት ምጣድና ማሰሻ ለእርሷም እንጀራ ያገለግል ነበር።

«ይህ ትንሽ ነገር ነው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እስቲ አብረን እናስላው። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደንብ ከግሉተን ነጻ ለሚባል ምግብ የፈቀደው በአንድ ኪሎ ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ነው። ይህ በአንድ ኩንታል ሲታሰብ 2 ግራም ይሆናል። ከስንዴ ዱቄት ውስጥ በግምት ከመቶ አሥር እጅ ያህሉ ግሉተን ነው። እንግዲያው 20 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ ማለት ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ ኩንታል የጤፍ ዱቄት ከመጨረሻው ልክ ያደርሰዋል። አንድ እፍኝ ቢጨመርበት ልኩን አለፈ ማለት ነው። ካልተጠረገ ወፍጮ ውስጥ ከአንድ እፍኝ ይበልጥ እንደሚቀር ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አድርጉ።

1ኛ. ዱቄት ሳይሆን እህል ግዙ ወይም ከራሳችሁ ማሳ አስቀምጡ። እህል ከእህል ይለያል፤ ዱቄት ከዱቄት ግን አይለይም። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን አንድ ግራም አይሞላም፤ አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ ግን 30 ግራምና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በደቃቅ ወንፊት ቢነፋ ጤፉ ያልፋል፤ ስንዴው ከላይ ይቀራል። ማሽላ ግን በመጠኑ ለስንዴ ስለሚቀርብ ወንፊት አይለየውም። በእጅ ተለቅሞ፣ አቧራው በውሃ ታጥቦ፣ በንጹሕ ስፍራ ይድረቅ።

2ኛ. ለቤተሰብ የሚቀመጠውን ጤፍና ማሽላ ስንዴና ገብስ ከመወቃታቸው በፊት ውቁ። ያ ካልተቻለ አውድማውን ጠርጋችሁ እንደገና ለቅልቁት። ስንዴ በነበረበት ጆንያና ጎተራ አታስቀምጡ።

3ኛ. ከወፍጮ ቤት በማለዳ፣ ስንዴ ሳይገባ ቀድማችሁ ድረሱ፤ ወፍጮውም ይጠረግ። ከዚያ ጥቂት ኪሎ የራሳችሁን ማሽላ አስቀድማችሁ አስፈጩ፤ የወፍጮውን ድንጋይ ያጥበዋል። ይህ የመጀመሪያው ዱቄት ለጤነኞቹ ይሁን። የበሽተኛው እህል ከዚያ በኋላ ይግባ። ባለ ወፍጮውን በጨዋ ቃል ብታስረዱት እሺ ይላል፤ እኛንም እሺ ብሎናል። ትንሽ ብቻ የሚያስፈልግ ከሆነ የእናቶቻችን የድንጋይ ወፍጮ ከሁሉ ይታመናል።

4ኛ. እርሾው ከንጹሕ ጤፍ በቤት ይጀመር። ቡሃቃ፣ ወንፊት፣ ማሰሻና ምጣድ ለብቻ ይሁን። ቤታችሁ አንድ ምጣድ ብቻ ካለ በደንብ ታጥቦ የበሽተኛው እንጀራ በመጀመሪያ ይጋገር።

እኅቴ ይህን ሁሉ ካደረገች በኋላ የልጅቱ ተቅማጥ ቆመ። ግማሽ ዓመት ሳይሞላም ጉንጯ ሞላ። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ መጣ። በበዓል ቀን ድፎ ዳቦ ተቆርሶ ለልጆች ሁሉ ሲታደል፣ እርሷ ወደ እኔ መጥታ «አጎቴ፣ የእኔ ዳቦ መቼ ነው የሚጋገረው?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ከእኅቴ ጋር ሆነን መሞከር ጀመርን።

በመጀመሪያ የማሽላ ዱቄት እንደ ስንዴ አሽተን ጋገርን። የወጣው ከውጭ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ሲቆረስ እንደ አሸዋ የሚበተን ነገር ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እርሾ አየር ይሠራል፤ ያን አየር አቅፎ የሚይዘው ደግሞ የግሉተኑ ሙጫ ነው። እርሱ ከሌለ አየሩ ያመልጣል፤ ዳቦውም ይቀመጣል። በውጭ አገር ለዚህ በሽታ ተዘጋጅቶ በፓኮ የሚሸጠው ዱቄት ብዙውን ጊዜ የሩዝና የበቆሎ ዱቄት ሆኖ፣ ዛንታን የሚባል ሙጫ የተጨመረበት ነው። እኛ ያን ከየት እናመጣለን?

መልሱ ከጓዳችን ተገኘ። እናቶቻችን ለእንጀራ አብሲት የሚጥሉት በከንቱ አይደለም። ዱቄት በውሃ ሲበስል ይወፍራልና ሊጡን ያያይዘዋል። የተልባ ልጋግም ሁለተኛ ሙጫ ነው። እንቁላል ሦስተኛው ነው። በሁለተኛው ሙከራ አብሲትና እንቁላል ጨመርን፤ ዳቦው ተነሣ፣ ግን በጣም ወፍራም አድርገነው ስለ ነበር መካከሉ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ተልባ ጨምረን፣ ውፍረቱንም ቀንሰን ስንጋግረው ተሳካ። አሠራሩ የሚከተለው ነው።

የሚያስፈልገው፦ የጤፍ ዱቄት 2 ብርጭቆ፣ የነጭ ማሽላ ዱቄት 1 ብርጭቆ፣ የሽምብራ ዱቄት ግማሽ ብርጭቆ፣ የተፈጨ ተልባ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ እንቁላል 2፣ የጤፍ እርሾ ግማሽ ብርጭቆ፣ ጨውና ጥቁር አዝሙድ በልክ።

ማታ፦ የጤፉን ዱቄት ሁሉና የማሽላውን እኩሌታ ከእርሾውና ከግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ጋር አቡክታችሁ፣ ከድናችሁ አሳድሩት። ከደረቀባችሁ ውሃ ጥቂት ጨምሩ።

ጠዋት፦ የቀረውን የማሽላ ዱቄት በሦስት ሩብ ብርጭቆ ውሃ እያማሰላችሁ እንደ አብሲት አብስሉት። ተልባውን በሩብ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፉት፤ ይላጋል። አብሲቱ ለብ ሲል ሁሉን፣ የሽምብራውን ዱቄት፣ የተመታውን እንቁላልና ጨዉን ጨምሮ፣ ካደረው ሊጥ ጋር ደባልቁ። እንደ ስንዴ ሊጥ አይታሽም፤ ማሸት እዚህ ጥቅም የለውም። ከእንጀራ ሊጥ የወፈረ፣ በማንኪያ የሚገለበጥ ይሁን። አረፋ እስኪያሳይ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ሲጋገር፦ በድስት ውስጥ የታጠበ የሙዝ ወይም የኮባ ቅጠል አንጥፋችሁ አፍስሱት። ከሦስት ጣት በላይ አይወፍር። ክዳኑን ገጥማችሁ ከታችም ከላይም በለስላሳ ፍም አንድ ሰዓት ግድም ይብሰል። ቀጭን ንጹሕ እንጨት ሰክታችሁ ስታወጡት ሊጥ ካልያዘ በስሏል። በትኩሱ አትቁረሱት፤ ካልበረደ አይጠናም። በጾም ቀን እንቁላሉ ቀርቶ ተልባው 5 ማንኪያ ይሁን፤ ውሃውም ከፍ ይበል።

ለዘወትር ቁርስ ደግሞ የጤፍ ቂጣ ጋግሮ፣ ቆራርሶ፣ በቅቤና በበርበሬ ጨጨብሳ ማድረግ ይቻላል። የበቆሎና የጤፍ ገንፎም ለሕፃን መልካም ነው። ለእንጀራ ጤፍና ማሽላ እኩል ቢደባለቅ ዋጋው ይቀላል፤ ነገር ግን ማሽላ የበዛበት እንጀራ ሲያድር ስለሚደርቅ በዕለቱ ይበላ።

ወገኖቼ፤ የዳቦው አሠራር በአንድ ቀን የሚለመድ ነው። ከባዱ ሥራ የእናንተ የገበሬዎቹ ነው። እናት በጓዳዋ የቱን ያህል ብትጠነቀቅ፣ በአውድማና በወፍጮ የተደባለቀውን ልትለየው አትችልም። ስንዴ የማይስማማው ልጅ በጎረቤታችሁ ካለ፣ ከአዝመራችሁ አንድ ቁና ንጹሕ ጤፍ ለይታችሁ ብታስቀምጡለት ያ ለእርሱ መድኃኒት ነው።

የእኅቴ ልጅ ባለፈው በዓል ከዳቦዋ ቆርሳ ለእኔም ሰጠችኝ። ከስንዴው ድፎ ጠቆር ይላል፤ ከፍታውም ያንሳል። እርሷ ግን «የእኔ ይበልጣል» ብላ ለልጆቹ ሁሉ አቀመሰች።

አዝመራችሁን ፈጣሪ ይባርክላችሁ።