የመምቻ ስሕተት ወይስ የኋላ ጉዳት? ሳንቲምን እንደ ታሪክ ምስክር ስለ መመርመር



ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ አንድ የአክሱም ዘመን የነሐስ ሳንቲም ይዤ ክፍል ገባሁ። በንጉሡ ምስል ላይ ቀጭን መስመር ያልፍ ነበር። «ይህ መስመር ሳንቲሙ የተመታበት ማኅተም ተሰንጥቆ እንደ ነበር ይመሰክራል» ብዬ በልበ ሙሉነት አስተማርሁ። አንዲት ተማሪ ሳንቲሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ አየችና፣ «መምህር፣ መስመሩ እኮ ጎድጓዳ ነው» አለችኝ። ትክክል ነበረች። የዛሬው ንግግሬ የዚያች አጭር ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ነው።

አክሱም ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ አስቀርጻለች። አሠራሩ በእጅ ነበር፤ ዝርግ ብረት በሁለት የተቀረጹ ማኅተሞች መካከል ይደረግና የላይኛው ማኅተም በመዶሻ ይመታል። ስለዚህ እውነተኛ የመምቻ ስሕተት ምንጩ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ዝርጉ፣ ማኅተሙ ወይም ምቱ። ከእነዚህ ውጭ የሆነው ሁሉ ኋላ የደረሰ ጉዳት ነው።

ከማኅተሙ እንጀምር። ማኅተም ሲሰነጠቅ፣ ብረቱ በምቱ ኃይል ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ በሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ይወጣል። ኋላ የተጫረ መስመር ግን ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። በተጨማሪም የማኅተም ስሕተት ብቻውን አይገኝም፤ ከዚያው ማኅተም በወጡት ሌሎች ሳንቲሞች ላይ በዚያው ቦታ ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ የተመታው ዝነኛው ባለ ድርብ ጽሑፍ አንድ ሳንቲም ለዚህ ምሳሌ ነው። ድርብ የሆነው ማኅተሙ ራሱ ስለ ነበር፣ ከ20 ሺህ በላይ እንደሚሆኑ የሚገመቱት ሳንቲሞች ሁሉ ያንኑ ድርብነት ይዘው ወጥተዋል።

ወደ ምቱ ስንመጣ፣ ዝርጉ ከመካከል ፈቀቅ ብሎ ከተመታ ምስሉ በአንድ በኩል ይጎድላል፤ ብረቱ ግን አይጎድልም። ጠርዙ ኋላ ከተቆረጠ ምስሉም ብረቱም አብረው ይጎድላሉ። ክብደቱ ቋሚ በሆነው በወርቅ ገንዘብ ላይ ሚዛን ይህን ይለያል። አልፎ አልፎም የተመታው ሳንቲም ከማኅተሙ ጋር ተጣብቆ ይቀርና ቀጣዩን ዝርግ ይመታል፤ በቀጣዩም ላይ ያው ምስል ተገልብጦና ጎድጉዶ ይታተማል። በሌላው ገጹ ላይ ያለው ምስል ግን እንደ ወትሮው ደህና ነው። ሁለት ሳንቲሞችን በማሰሪያ ብረት ጨፍልቆ ይህን ለማስመሰል የሞከረ ሰው ሌላውን ገጽ ሳያበላሽ አይቀርም።

ይህ ልዩነት ለምን ያሳስበናል? የብራና መጻሕፍትን የምታጠኑ ታውቁታላችሁ። ጸሓፊው የዘለለው ቃልና አይጥ የበላው ቃል ሁለቱም ባዶ ቦታ ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን ስለ ጸሓፊው፣ ሁለተኛው ስለ መጽሐፉ ዕጣ ይናገራል። የሳንቲምም እንዲሁ ነው። ስሕተቱ ስለ ባለ እጁና ስለ አሠራሩ ይመሰክራል። ማንጠልጠያ ለማበጀት የተበሳው ቀዳዳ ደግሞ ገንዘቡ ጌጥ የሆነበትን ሁለተኛ ሕይወት ይነግረናል። እኔ በዚያን ቀን የአንድ መንገደኛ ጭረት ሊሆን የሚችለውን በአክሱም ባለ እጅ ላይ አላክኬ ነበር። ዋጋ ለመጨመር ጉዳትን «ብርቅ ስሕተት» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እርሱ እያወቀ መሥራቱ ብቻ ነው።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ አንድ አደራ አለኝ። ሳንቲም ስታገኙ ለማጽዳት አትቸኩሉ፤ በአሲድ የታጠበ ገጽ የብረቱን ፍሰት ምልክት ያጣል፣ እኛም አዲስ ጉዳት እንጨምርበታለን። ስሕተቱ በየትኛው የሥራ ደረጃ እንደ ተፈጠረ ማስረዳት እስክትችሉ ድረስም «የመምቻ ስሕተት ነው» አትበሉ። መጀመሪያ ወደ ብርሃን አዘንብሉት።