የተከፋፈለ ውጤት ምን ያህል ይታመናል?



አንድ መሐንዲስ ከአንድ የኮንክሪት ሥራ የተወሰዱትን ናሙናዎች ጥንካሬ ከፈተነ በኋላ፣ ውጤቱን በተሞሉበት ቀንና በሞላው ሠራተኛ እየከፋፈለ ቢመለከተው፣ የማክሰኞው ናሙና ከሌላው ደክሞ የሚገኝበት አጋጣሚ አይጠፋም። ይህንኑ ይዞ «ማክሰኞ ኮንክሪት አይሞላም» የሚል ደንብ ቢያወጣ ግን መሳቂያ ይሆናል። በሕክምና ምርምር ውስጥ ይኸው ስሕተት ሲፈጸም የሚስቅ የለም፤ ክፍፍሉ በጾታ፣ በዕድሜና በሕመም ዓይነት የሚደረግ በመሆኑ አሳማኝ መልክ ይዞ ይቀርባልና።

እንደሚታወቀው፣ የአንድን መድኃኒት ጥቅም ለማረጋገጥ ሕሙማን በዕጣ በሁለት ወገን ይመደባሉ። አንዱ ወገን መድኃኒቱን፣ ሌላው አምሳያውን ይወስዳል። ዕጣው ሁለቱን ወገኖች ስለሚያመጣጥን፣ በመጨረሻ የሚታየው ልዩነት ወይ ከመድኃኒቱ ወይ ከአጋጣሚ የመጣ ነው። የአጋጣሚውን ድርሻ የሚያሳንሰው የሕሙማኑ ብዛት ነው። ውጤቱ በተሸነሸነ ቁጥር ግን በየክፍሉ ያለው ብዛት ይቀንሳል፤ የአጋጣሚው ድርሻም በዚያው ልክ ያድጋል።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1988 ውጤቱ የታተመው ሁለተኛው «አይሲስ» የተባለ ሙከራ ነው። በ16 አገሮች፣ በ417 ሆስፒታሎች፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ደርሶባቸዋል ተብለው የተጠረጠሩ 17,187 ሕሙማን ተካፍለውበታል። አስፒሪን በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት በልብና በደም ሥር ሕመም የሚደርሰውን ሞት በ23 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ግን ለማስጠንቀቂያ ያህል ሕሙማኑን በኮከባቸው ከፋፈሏቸው። በአገራችን የሰው ኮከብ የሚቆጠረው ከስሙና ከእናቱ ስም ፊደላት ሲሆን፣ በአውሮፓ ልማድ ግን ከልደት ቀን ነው። በዚህም አቆጣጠር በገውዝና በሚዛን ለተወለዱት አስፒሪን ሞትን በ9 በመቶ የጨመረ መሰለ፤ በሌሎቹ ኮከቦች ለተወለዱት ደግሞ በ28 በመቶ ቀነሰ። ገውዞችና ሚዛኖች አስፒሪን ይከልከሉ ያለ ሐኪም አልነበረም።

ክፍፍሉ በኮከብ ሳይሆን በጾታ ሲሆን ግን ነገሩ እንዲህ አልቀለለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳ 585 ሕሙማን የተካፈሉበት ሙከራ፣ ስትሮክ ያሰጋቸው ሰዎች አስፒሪን ቢወስዱ ስትሮክና ሞት በ31 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ውጤቱ ሲከፋፈል በወንዶች 48 በመቶ ቅነሳ ታየ፤ በሴቶች ግን እርግጠኛ ጥቅም አልተገኘም። በመሆኑም በ1980 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚህ ሕመም አስፒሪንን ለወንዶች ብቻ ፈቀደ። በ1994 የብዙ ሙከራዎች ውጤት በአንድነት ሲመረመር መድኃኒቱ ሴቶችንም እንደ ወንዶች ሁሉ እንደሚጠቅም ታወቀ፤ ፈቃዱ ለሴቶች የደረሰው በ1998 ነው። በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ በነበሩ ጥቂት ሴቶች ምክንያት ብዙ ሴቶች 18 ዓመት ጠበቁ።

የስሕተቱ ሥር በሒሳብ ይገለጻል። መድኃኒቱ በሁሉም ዘንድ እኩል ቢሠራ እንኳ፣ ከ20 አንድ ጊዜ የሚያሳስት ፈተና ባልተያያዙ 10 ክፍፍሎች ላይ ቢደረግ፣ ቢያንስ አንድ የሐሰት ልዩነት የመገኘቱ ዕድል 40 በመቶ ነው፤ በ20 ክፍፍሎች ላይ ቢደረግ 64 በመቶ ይደርሳል። ደግሞም «በወንዶች ተረጋገጠ፣ በሴቶች አልተረጋገጠም» ማለት በወንዶችና በሴቶች መካከል ልዩነት ተረጋገጠ ማለት አይደለም። መጠየቅ ያለበት የሁለቱ ውጤቶች ልዩነት ራሱ ከአጋጣሚ ይበልጥ እንደሆነ ነው። ከጠቅላላው ውጤት ጋር የሚተካከል ልዩነት በሁለት እኩል ክፍሎች መካከል በተመሳሳይ እርግጠኝነት ለመለየት፣ አራት እጥፍ ሕሙማን ያስፈልጋሉ።

ይህ ሲባል ክፍፍል ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ታሞክሲፈን የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት የሚጠቅመው ዕጢያቸው የኤስትሮጅን ተቀባይ ላለው ሕሙማን መሆኑ በብዙ ሙከራዎች ጸንቷል። መድኃኒቱ የሚሠራው በዚሁ ተቀባይ ላይ በመሆኑ ምክንያቱም ግልጽ ነው። እንግዲህ መለኪያው ይኸው ነው፦ ክፍፍሉ ውጤቱ ከመታየቱ በፊት በጽሑፍ ታስቦበት ነበርን? ቁጥሩስ ጥቂት ነውን? ልዩነቱ በቀጥታ ተፈትኗልን? በሌላ ሙከራስ ተደግሟልን?

እነዚህ ጥያቄዎች መልስ እስኪያገኙ ድረስ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚበጀው ግምት፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ የጠቅላላው ውጤት ነው። ከተከፋፈለ ሠንጠረዥ የተገኘው ነገር ለቀጣዩ ሙከራ ጥያቄ ይሁን እንጂ፣ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ፍርድ አይሁን።