ዘርና ልጓም
በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር



አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። ይህን ምሳሌ ዛሬ በየመኝታ ክፍላችን የምንሰማው ስለ ቦርጭ ሲነሣ ነው። አንዱ ጓደኛችን «እናቴም አባቴም ወፍራሞች ናቸው፤ ብሮጥስ ምን ላመጣ?» ብሎ ይተኛል። ሌላው፣ በተፈጥሮው ቀጭን የሆነው፣ ወፍራሙን ሁሉ ሰነፍና ሆዳም እያለ ያሸማቅቃል። ሁለቱንም ሰምተን ዝም ማለት ስላልቻልን ነው ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው።

በመጀመሪያ ለወፍራሙ ጓደኛችን እንመስክር። (የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የካናዳው ሊቅ ክሎድ ቡሻርና ባልደረቦቹ በ1990 ባወጡት ጥናት፣ ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑ 12 ጥንድ መንትያ ወጣቶችን ለ84 ቀን፣ በቀን 1,000 ካሎሪ ትርፍ እየጨመሩ መገቧቸው። ትርፉ ለሁሉም እኩል ሲሆን አንዱ 4 ኪሎ ያህል ብቻ ሲጨምር ሌላው 13 ኪሎ ጨመረ፤ መንትዮቹ ግን እርስ በርሳቸው ተቀራራቢ ነበሩ። እንግዲህ ዘር የለበትም አይባልም። በ2007 ደግሞ ኤፍ.ቲ.ኦ. የተባለው ጂን ከውፍረት ጋር መያያዙ ታወቀ፤ አወፋፋሪውን ዓይነት ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው፣ ከሁለቱም ካልወረሰው በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ይከብዳል። የሚሠራውም በአመዛኙ በምግብ ፍላጎት በኩል ነው። ያ ጓደኛችን ከማዕድ ቶሎ የማይነሣው ነውረኛ ስለሆነ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጓሙ እንምጣ። በ2011 የ218,000 ሰዎች መረጃ ተሰብስቦ ሲመረመር፣ ይኸው ጂን ሰውን ከልክ በላይ የማወፈር ኃይሉ በሚንቀሳቀሱት ላይ ከማይንቀሳቀሱት ይልቅ በ27 ከመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከተመርማሪዎቹ አብዛኞቹ የአውሮፓ ዘር ያላቸው መሆናቸውን ሳንረሳ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ «የሚንቀሳቀስ» የተባለው እንደ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የሚሮጥ ሰው አይደለም። ተቀምጦ የሚውልና በትርፍ ጊዜውም እምብዛም የማይንቀሳቀስ ሰው ብቻ ነው ከማይንቀሳቀሱት የተቆጠረው። 27 ደግሞ 100 አይደለም፤ ቀጭኑ ወዳጃችን ይህን ይስማልን።

ከሁሉ ያስደነቀን የ2015ቱ ነው። በአሜሪካ ፍሬሚንግሃም በምትባል ከተማ ቤተሰቦችን ለብዙ ዓመታት በመከታተል በተገኘው መረጃ፣ ከ1942 በፊት በተወለዱት ላይ ይህ ጂን ከክብደት ጋር ግንኙነት አልታየበትም፤ ከዚያ ወዲህ በተወለዱት ላይ ግን በግልጽ ታየ። ጂኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ኑሮው ነው።

የእኛስ? ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር በደንገል ታንኳ እንጨት ጭኖ የሚቀዝፍ ሰው፣ ዘሩ ምንም ይሁን ምን፣ ቦርጭ የሚያወጣበት ፋታ ከየት ያገኛል? ከተማችንም ሜዳ ስለሆነች በብስክሌት የታወቀች ናት፤ ባጃጅ ከገባ ወዲህ ግን ከበር እስከ በር ተቀምጠን መሄድን ለመድን። በአገራችን በተደረጉት የሕዝብና የጤና ጥናቶች፣ በ2000 ከሴቶች ክብደታቸው ከልክ ያለፈው 3 ከመቶ ነበሩ፤ በ2016 8 ከመቶ ሆኑ፤ በከተማ ከአምስቱ አንዷ። በ16 ዓመት ውስጥ የሕዝብ ዘር አይለወጥም።

ስለዚህ ማኅበራችንን የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ጥቂት ብስክሌቶች ገዝቶ ለአባላት በተራ ያውስ። የኳስ ሜዳውም በሳምንት ሁለት ማታ ለሴት ጓደኞቻችንና ኳስ ለማይችሉት ይለቀቅ፤ መሮጥ ያቃተው ይራመድበት። የሚስቅ ሰው ግን በእነዚያ ሁለት ማታዎች አይምጣብን።