ጣታችን ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ደሞዙን ማን በላው?

(በወጣቶች የላይቭ ውይይታችን ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ላመለጣችሁ በጽሑፍ ይኸው።)



ከየት ቆሜ እንደምናገር እንድታውቁ መጀመሪያ ስለራሴ ልናገር። ዲግሪ አለኝ። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ሥራ ግን የለኝም። ስለዚህ እንደ ሞቲቬሽን ተናጋሪዎቹ "ጠንክሩ፣ እንደኔ ትሆናላችሁ" ልላችሁ አልመጣሁም። እንደኔ ብትሆኑማ ምን ትጠቀማላችሁ?

የማወራው በእያንዳንዳችን እጅ ስላለው ስልክ ነው። "ወጣቱ ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል፣ ሰነፍ ነው" ሲሉን እንሰማለን። ቤት ውስጥም ይባላል፣ በሚዲያም ይባላል። እኔ አልስማማም። እኛ ስልክ ላይ ሥራ እየሠራን ነው። ያውም በደንብ! ችግሩ ደሞዙን የሚበላው ሌላ መሆኑ ላይ ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። ሐምስተሯን ታስታውሷታላችሁ አይደል?

ግንቦት 2016 ላይ ኖትኮይን ገበያ ወጣና ቴሌግራም ላይ ታፕ ሲያደርጉ ለከረሙ ልጆች እውነተኛ ገንዘብ አስገኘ። ወሬው በየሰፈሩ ተዳረሰ። ከዚያ ሐምስተር ኮምባት ተዛመተ። ታክሲ ውስጥ ታፕ፣ ካፌ ውስጥ ታፕ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ስር ሳይቀር ታፕ! የዕለቱን ኮምቦ መፈለግ፣ ሪፈራል መላክ፣ የዩቲዩብ ቪዲዮ ከፍቶ ሳንቲም መሰብሰብ። "ሲከፈለኝ ላፕቶፕ እገዛለሁ" ያለ ስንት ነው? "እናቴን አሳክማለሁ" ያለስ?

ክፍያው የመጣው መስከረም 16 ቀን 2017 ነው። የደመራ ዕለት! ጨዋታው 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለኝ ይል ነበር፤ ለክፍያ የበቁት ግን 131 ሚሊዮን ናቸው ተባለ። የሳንቲሟ ዋጋ ገና ስትወጣ 1 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር፤ ከዚያም ወረደ። ለወራት ታፕ ያደረገ አብዛኛው ሰው እጁ የገባችው ጥቂት ዶላር ናት።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በቀን 4 ሰዓት፣ ለ4 ወር ብንል 480 ሰዓት ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ያውቀዋል፤ አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 3 ሰዓት፣ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ሌክቸር አለው። ስለዚህ 480 ሰዓት የ10 ኮርስ ሌክቸር ማለት ነው። ሁለት ሴሚስተር ሙሉ! ዳታውን የገዛነው እኛ፣ ባትሪው የኛ፣ ዓይኑ የኛ።

ይሄንን የምለው በተጫወተው ልጅ ለመሳለቅ አይደለም። ኖትኮይን ከፍሎ ያየ ሰው ሐምስተርም ይከፍላል ብሎ ቢያስብ ሞኝ አያሰኘውም። ልብ ልንለው የሚገባው አሠራሩን ነው። ያ ጨዋታ በጥቂት ወራት ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር የዩቲዩብ ተከታይ ሰብስቧል፤ የቴሌግራም ቻናሉም እንደዚያው። ያን ሁሉ ሕዝብ ሰብስቦ የሰጠው ማን ነው? ሪፈራል የላከው ልጅ ነው። ቪዲዮውን የከፈተው ልጅ ነው። ድሮ ማስታወቂያ ለጣፊ በቀን ይከፈለው ነበር፤ እኛ ዳታ ከፍለን ለጠፍንላቸው።

ሁለተኛ ቲክቶክን ተመልከቱ። ቲክቶክ ለቪዲዮ እይታ የሚከፍልበት ፕሮግራም ኢትዮጵያን አይጨምርም። ስለዚህ የኛ ልጅ የቀረው መንገድ ላይቭ ገብቶ ስጦታ መጠየቅ ነው። ባትል ውስጥ የሚወረወረው አንበሳ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ከላኪዎቹ መካከል አረብ ሀገር በሰው ቤት የምትለፋ እህታችን አለች፤ አሜሪካ በፈረቃ የሚነዳ ወንድማችን አለ። ከዚያ ብር ላይ ግማሽ ያህሉን ኩባንያው ያስቀራል። ወገን ለወገን የላከው ገንዘብ መንገድ ላይ በግማሽ ይቆረጣል፤ እኛ ደግሞ "እገሌ አሸነፈ" ብለን እናጨበጭባለን። ማን ነው ያሸነፈው?

ሦስተኛው ያመናል፤ ግን እንነጋገረው። ስድባችን። ኮሜንት ስር ስንሰዳደብ ውለን ማታ "ዛሬ ታገልኩ" ብለን የምንተኛ አለን። ለወገን መቆርቆር ጥሩ ነው፤ እኔም እቆረቆራለሁ። ነገር ግን ፌስቡክ ንዴት ሰውን ስክሪኑ ላይ እንደሚያቆይ ያውቃል። ስትናደድ ትቆያለህ፣ ስትቆይ ማስታወቂያ ታያለህ። አንተ የታገልክ መስሎህ፣ እሱ ሸጦሃል።

ያ ስድብ የሚያርፍበትም ሰው አለ። ለዓመታት የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ፖስት እያነበቡ ለፌስቡክ የሚያጣሩ ወጣቶች ናይሮቢ ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። እንደኛው የተማሩ፣ ሥራ ፍለጋ የሄዱ። ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 እንደዘገበው ከአጣሪዎቹ መካከል በሰዓት እስከ 1.50 ዶላር ዝቅ ያለ የሚከፈላቸው ነበሩ። እኛ በነፃ የጻፍነውን መርዝ የኛው ልጅ በ1.50 ዶላር ይውጠው ነበር። ትርፉ ካሊፎርኒያ ይገባል።

"ታዲያ ጥፋቱ የኛ ብቻ ነው?" ትሉኝ ይሆናል። አይደለም! የካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ተገድበው ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ገደማ ተዘግታ ኖራለች። ኦንላይን ሥራ ይዞ የነበረ ልጅን አስቡት። አውሮፓ ያለው ደንበኛው "ኢንተርኔት ተዘግቶበት ይሆናል" ብሎ አይጠብቀውም፤ በማግስቱ ሌላ ይቀጥራል። ለሁለት ዓመት የገነባው ስም በአንድ ሳምንት ይጠፋል። "ዲጂታል ኢትዮጵያ" የሚለውም፣ ኢንተርኔት የሚያጠፋውም ያው መንግሥት ነው። ይህንን መጠየቅ መብታችን ነው፤ ሥራ መፍጠርም የመንግሥት ግዴታ ነው።

ነገር ግን ወገኔ፣ የሌላውን ግዴታ እየጠየቅን የራሳችንን ሰዓት ማን ይጠብቅልን?

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። "ታሪካችንን ሌሎች ጻፉብን" እያልን ስንጮህ ስንት ዓመታችን ነው? እሺ። የአማርኛ ዊኪፔዲያ ዛሬ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ብቻ አሉት። ስዋሂሊው በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ዊኪፔዲያ ላይ ለመጻፍ ሹመትም ዘመድም አያስፈልግም፤ ምንጭ ይዞ መጻፍ ብቻ ነው። ከመካከላችን ስለተወለደበት ወረዳ፣ ስለ ሰፈሩ ደብር፣ ስለ አያቱ እርሻ አንድ ገጽ የጻፈ አለ? አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ በአማርኛ ስትጠይቁት የሚንተባተበው ለምን ይመስላችኋል? ማሽን ቋንቋ የሚማረው ኢንተርኔት ላይ ካገኘው ጽሑፍ ነው። እኛ ስድብ ከሰጠነው ስድብ ይማራል፤ እውቀት ከሰጠነው እውቀት።

ፊደላችን ኮምፒዩተር ላይ በራሱ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ እስኪገባ ድረስ ከሀገር ርቀው የለፉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ነበሩ። ዛሬ በስልካችን "ሀ" ብለን የምንጽፈው በነሱ ሰዓት ነው። እነሱ ሰዓታቸውን ለኛ ሰጡ። እኛስ ለማን እየሰጠን ነው?

እንግዲህ አፕ ከመክፈታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ።

አንድ፦ ይህን ሰዓት ስሰጥ የሚከፈለው ማን ነው?
ሁለት፦ አፑ ነገ ቢዘጋ ጭንቅላቴ ውስጥ ምን ይቀራል?
ሦስት፦ ለወገኔ የሚተርፍ ነገር አለው?

ሦስቱንም የሚያልፍ ነገር ብርቅ ነው። አንዱን እንኳ የማያልፍ ከሆነ ግን ዝጋው። "ሥራ አለ፣ መጀመሪያ ለሥልጠና 1,500 ብር በቴሌብር አስገባ" የሚልህን ደግሞ ሦስቱን መጠየቅም አያስፈልግህም። ቀጣሪ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

ስልክ ወርውሩ አልልም፤ መዝናናትም ተፈቅዷል። ከአራቱ ሰዓት አንዷን ብቻ ስጡኝ። ሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ነው፤ ጀምሩት። ሰርተፊኬቱ ብቻውን እንጀራ አይሆንም፣ መጀመሪያ ግን ይሆናል። ዶላር የሚከፍል ደንበኛ ከመፈለጋችሁ በፊት ደግሞ ሰፈራችሁን እዩ። ባለሱቁ ዱቤውን የሚይዘው በተቀዳደደ ደብተር ነው፤ በኤክሴል አስተካክሉለት። እንጀራ ጋግራ የምታስረክበዋ እናት የቴሌግራም ቻናል የላትም፤ ክፈቱላት፣ ፎቶ አንሱላት። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሒሳብ ይቸግረዋል፤ በአማርኛ አስረዱት፣ ቅዱት፣ ልቀቁት። እንዲህ ያለ ደንበኛ ኢንተርኔት ሲጠፋም በእግር ሄዳችሁ ታገኙታላችሁ። ክፍያው ትንሽ ነው፤ ግን የራሳችሁ ነው።

ይሄ ሥራ አጥነትን ያጠፋል ብዬ አልዋሻችሁም። እኔም ነገ ጠዋት ተነስቼ ማስታወቂያ አነባለሁ፣ ሲቪ እልካለሁ። ነገር ግን ሥራ የሌለው ሰው ያለው ሀብት ሰዓቱ ነው። እሷንም ካስረከብን ባዶ እጃችንን ነን።

ይህንን ያነበባችሁ፣ "ትክክል ብለሃል" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉ። በዚህ ሳምንት ያቺን አንድ ሰዓት ምን ልታደርጉባት እንዳሰባችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ። አንድ ዓይነት ነገር ያሰባችሁ አምስት አምስት ሆናችሁ ተገናኙ። በወሩ መጨረሻ ላይቭ ገብተን የሠራነውን እንተያያለን።

ጣታችን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ከእንግዲህ ለራሱና ለወገኑ ይሥራ!