ሰውነት የለመደውን ሲቃወም

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ የጤና ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ሕመም በየአጥቢያችን አለ፤ በስሙ የምንጠራው ግን ጥቂቶች ነን። ለሃያ ዓመታት ያጠነ ካህን አንድ ቀን ጢሱ ሲሸተው ደረቱ ይጠብበታል። ከልጅነቷ ጀምሮ የሽምብራ ሽሮ የበላች እናት ከማዕድ ሳትነሣ ከንፈሯ ያብጣል። ማር ሲቆርጥ የኖረ ገበሬ በአንዲት ንብ ተነድፎ ራሱን ይስታል። «ትናንት ያልጎዳኝ ዛሬ ስለ ምን ይጎዳኛል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያጣ፣ ቡዳ ነው፣ መተት ነው፣ የኃጢአት ቅጣት ነው የሚለው ወሬ ቦታውን ይይዛል። በዚህ መካከል ሕይወት ሊተርፍበት የሚችለው ደቂቃ ያልፋል። ለዚህ ንግግር ምክንያት የሆነውም ይህ የሚያልፈው ደቂቃ ነው።

እግዚአብሔር ለሰው በሰጠው አካል ውስጥ ወዳጅን ከጠላት የሚለይ የመከላከያ ኃይል አለ። ይህ ኃይል አንዳንድ ጊዜ ለሌላው ሰው ጉዳት የሌለውን ነገር፣ ምግብን፣ የሣር ብናኝን ወይም መድኃኒትን፣ እንደ ጠላት ይመዘግባል። ምዝገባው ሲፈጸም ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ጠቡ የሚታየው ዳግም ሲገናኙ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ሪሼ ከባልደረባው ከፖል ፖርቲዬ ጋር ሆኖ ይህን በውሾች ላይ ተመልክቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳወቀ። ከባሕር እንስሳ የተወሰደ መርዝ በመጀመሪያ ሲሰጠው ደኅና የሰነበተ ውሻ፣ ከሳምንታት በኋላ መጠኑ ሳይጨመር ቢደገምለት ወዲያው ታሞ ሞተ። ሪሼ በዚህ ሥራው በ1913 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። «አለርጂ» የሚለውን ቃል ደግሞ ኦስትሪያዊው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ በ1906 እ.ኤ.አ. አወጣው። ስለዚህ «ለምጄዋለሁ» ማለት ዋስትና አይደለም፤ አለርጂም የልጆች ብቻ ሳይሆን በጎልማሳነትና በሽምግልና ዘመንም የሚጀምር ሕመም ነው።

ምክንያትን ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከራሳችን አገር የምንማረው አለ። በጎጃም ደጋ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ገበሬ እግሩ ሲያብጥ ብዙ ዘመን እንደ እርግማን ተቆጥሯል፤ ሕሙማኑም ከጋብቻና ከማኅበር ተገልለዋል። በኢትዮጵያ ያገለገለው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ግን ምክንያቱ የአፈሩ ጥቃቅን ማዕድናት መሆናቸውን አመለከተ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ አሳየ። ይህ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው በሽታ በጥብቅ አነጋገር አለርጂ አይደለም። ትምህርቱ ግን ተመሳሳይ ነው፤ በአንድ አፈር ላይ ብዙ ሰው ይሄዳል፣ የሚቆጣው የጥቂቶች ሰውነት ነው። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላም ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ መከላከያ ሆነ።

በሌላ በኩል፣ ያልተስማማን ሁሉ አለርጂ አይደለም። ሁዳዴን ጾሞ በፋሲካ ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋና የሚያስቀምጠው ሰው፣ ብዙ ጊዜ የወተቱን ስኳር የመፍጨት አቅሙ በዕድሜ ስለ ቀነሰ ነው፤ ይህ ያስቸግራል እንጂ ትንፋሽ አይዘጋም። ከጣና ውኃ ወጥቶ ቆዳውን የሚያሳክከው ሰውም በቢልሃርዝያ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ይገባዋል። በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር እንደ ተጀመረው ዓይነት የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ሲጠራ፣ ምእመናን የጎማ ጓንትና ቦቲ ጫማ ሳይዙ ለረጅም ሰዓት ውኃ ውስጥ እንዳይቆሙ ብናስብላቸው ከሁለቱም ዓይነት ጉዳት እናድናቸዋለን።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር እንግባ። የዕጣን ጢስ አስም ያለበትን ሰው ሳንባ ያስቆጣል፤ ለበዓል የሚጎዘጎዘው ሣርና የደረቀው አቧራም እንዲሁ። ይህን የምለው ሥርዓተ ቅዳሴው እንዲጓደል አይደለም። በጣና ዙሪያ ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብለው የተከፈሉ ናቸው። አስም ያለበት ምእመን በውጭው ክፍል፣ በበሩ አጠገብ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ቢቆም ከጸሎቱ አይለይም። የሚያስፈልገው «ለምን ወደ ኋላ ይሸሻል?» ብሎ የሚገላምጠው ሰው አለመኖር ነው። ካህኑ ራሱ ሕመምተኛ ከሆነ ደግሞ በሐኪም የታዘዘለትን የሚሳብ መድኃኒት በኪሱ መያዙ ከክህነቱ ምንም አያጎድልበትም፤ አለቃውም ተራውን ቢያሸጋሽግለት ወንድሙን ረዳ።

ከቅዳሴ በኋላ ዝክርና ማኅበር አለ። ጾመኛ ምእመን ኑሮው በሽምብራ፣ በምስር፣ በሰሊጥና በኦቾሎኒ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ የሚጎዳው ሰው በየማዕዱ ይፈተናል። «አይስማማኝም» ሲል እንደ ንቀት ይቆጠርበታል። በአገራችን ልማድ «በሞቴ» ብሎ ማጉረስ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ጉርሻው በእንግዳው ሞት እንዳይሆን «አይስማማኝም» የሚለውን ቃል በመጀመሪያው እንቀበል። የማኅበሩ እመቤቶችም በወጡ ውስጥ የገባውን ቢጠየቁ ሳይቀየሙ ይንገሩ። ምግብ የሚገድበው ሕመምተኛ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ ንስሐ አባቱም የሐኪሙን ቃል ይስማ።

ከሁሉ የሚከፋውን አደጋ ሁላችሁም እንድታውቁት እለምናለሁ። ንብ የነደፈው፣ መርፌ የተወጋ ወይም ምግብ የበላ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነቱ በሚያሳክክ ሽፍታ ቢሸፈን፣ ፊቱ ወይም ምላሱ ቢያብጥ፣ ድምፁ ቢጎረና፣ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ቢያስመልሰው ወይም ቢዝለፈለፍ፣ ይህ የሞት አደጋ ነው። አንዳንድ ጊዜም ሽፍታው ሳይታይ ይመጣል። መድኃኒቱ በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ የአለርጂ ክኒን ብቻውን አያድንም። ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካስቸገረው ይቀመጥ፤ ተነሥቶ እንዲሄድ ግን አይደረግ። ለውጭ አገር ሰዎች በእጃቸው የሚያዘው፣ ሕመምተኛው ራሱን የሚወጋበት ብዕር መሰል መርፌ በእኛ ገበያ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ተስፋችን በፍጥነት መድረስ ነው። በባሕር ዳር ከተማ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች አሉ። በደቅ ደሴት ወይም በሌላ ገዳም ላለ ሰው ግን ሐይቁ ራሱ መንገድ ነው፤ በሌሊት የሚነሣ ጀልባ ከወዴት እንደሚገኝ አስቀድሞ ካልታወቀ ጊዜው ያልቃል። በአጥቢያችን የንብ ማነብ ሥራ ስንጀምርም ከቀፎው ጋር የመከላከያ ልብሱን፣ ከልብሱም ጋር ይህን ትምህርት እናድርስ። አንድ ጊዜ በንድፊያ ትንፋሹ ያጠረው ሰው ወደ ቀፎ አይመለስ፤ ሌላ የሥራ ድርሻ ይሰጠው።

ስለ መድኃኒትም አንድ ነገር ልጨምር። በጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የልብ በር የተጎዳባቸው ወጣቶቻችን በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወስዳሉ። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው በእርግጥ አለ፤ ሆኖም «አይስማማኝም» ከሚሉት መካከል አብዛኞቹ በሐኪም ሲመረመሩ ሊወስዱት የሚችሉ ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ በወሬ መርፌውን የሚያቋርጥ ልቡን ይጎዳል፤ እውነተኛውን ምልክት የሚደብቅም ሕይወቱን አሳልፎ ይሰጣል። የመድኃኒቱ ስም፣ የታየው ምልክትና ቀኑ በሐኪም ተጽፎ በሰውየው ኪስ ይያዝ፤ በየሕክምና ቦታውም ሳይጠየቅ ያሳየው።

ጠበል ወይስ መድኃኒት የሚል ክርክር በመካከላችን ሊኖር አይገባም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒታቸውን አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ አስተምረዋል። ወንጌላዊው ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር። ትንፋሹ የተዘጋን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ እያደረሱ በመንገድ ላይ መጸለይ ይቻላል፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ መርፌውን ማቆየት ግን አይገባም።

ስለሆነም እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባው ሦስት ነገር እንዲወስን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ አድሬናሊን ያለበትን ቅርብ ጤና ጣቢያ ጠይቆ ይወቅ፤ የአምቡላንሱን፣ የባለ ጀልባውንና የባለ ባጃጁን ስልክ በቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ሁለተኛ፣ የአደጋውን ምልክቶች በሰንበት ትምህርት ቤትና በየማኅበሩ ያስተምር። ሦስተኛ፣ ካህናት በምክራቸው ሕመምተኛውን ከሐሜት ይጠብቁት። አለርጂ ያለበት ሰው የሚጎዳውን አውቆ እየራቀ ብዙ ዘመን ይሠራል፣ ያገለግላል። ከእኛ የሚፈልገው ሲናገር እንድንሰማው፣ ሲወድቅም ወዴት እንደምንወስደው እንድናውቅ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።